ለካርፓል ታነል ቀዶ ሕክምና የአካባቢ ማደንዘዣ አሰጣጥ፦ ከቅልቅሉ እስከ ፋሻው

ካርፓል ታነል በእጅ አንጓ ላይ ሚዲያን የሚባለው ነርቭ የሚያልፍበት ጠባብ ቦይ ነው፤ ቦዩ ነርቩን ሲጫነው የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ራሱ አጭር ነው። የለመደ እጅ የቦዩን ጣሪያ፣ ሊጋመንቱን፣ ከፍቶ ቆዳውን እስኪሰፋ ሩብ ሰዓት ቢፈጅበት ነው። ታካሚው ቤቱ ገብቶ የሚያወራው ግን ስለ መርፌው ነው፤ "ቀዶው ምንም አላለኝ፣ መርፌው ግን ነፍሴን ሊያወጣት ነበር" ይላል። ጥፋቱ የመድኃኒቱ አይደለም። መጠኑ አንሷል፣ አወጋጉ ፈጥኗል፣ ወይም ሐኪሙ ሳይጠብቅ ምላጭ አንስቷል። እነዚህ ሦስቱ ከተስተካከሉ ታካሚው የሚሰማው የመጀመሪያዋን ውጊያ ብቻ ነው፤ ቱርኒኬትም (ደም የሚያግድ የክንድ ማሰሪያ) የእንቅልፍ መድኃኒትም አያሻውም።

መመሪያው የተጻፈው የእጅን አናቶሚ ለሚያውቁና ቀዶ ሕክምናውን ለሚሠሩ ወይም በአሠልጣኝ ሥር ለሚለማመዱ ሐኪሞች ነው። ታካሚ ቢያነበውም ምን እንደሚጠብቀው ይረዳበታል፤ በቤት የሚሞከር ነገር ግን የለበትም።

አድሬናሊን ለምን ተጨመረ?

በቀድሞው አሠራር መዳፉ ሊዶኬይን በሚባለው ማደንዘዣ ይደነዝዝና ደም እንዳያስቸግር ክንዱ ላይ ቱርኒኬት ይነፋል። ችግሩ መዳፍ ቢደነዝዝም ክንድ አይደነዝዝም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከመዳፉ ይልቅ የታሰረው ክንድ ያማል፤ ለዚያ ሲባል ማስታገሻ በደም ሥር ይሰጣል፤ ማስታገሻው ደግሞ ጾም፣ ክትትልና ማገገሚያ ክፍል ይጠይቃል። አድሬናሊን ከሊዶኬይኑ ጋር ከተቀላቀለ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ስለሚጠቡ ቱርኒኬቱ ሥራ ያጣል፤ ሊዶኬይኑም ቦታው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ካናዳዊው የእጅ ቀዶ ሐኪም ዶናልድ ላሎንድ ከባልደረቦቹ ጋር ያስፋፋው ይህ ዘዴ በሙያው ዋላንት በሚል አጭር ስም ይታወቃል፤ ንቁ ሆኖ፣ በአካባቢ ማደንዘዣ፣ ያለ ቱርኒኬት ማለት ነው።

"አድሬናሊን እጅ ላይ አይወጋም፣ ጣት ያበሰብሳል" የሚለውን ትምህርት ብዙዎቻችን ሸምድደነዋል። መነሻው ፕሮኬይን የሚባለው የጥንት ማደንዘዣ ነው። ሊዶኬይን እ.ኤ.አ. በ1943 ስዊድን ውስጥ ተሠርቶ በ1948 ገበያ እስኪገባ ድረስ ሐኪሞች በብዛት የሚወጉት ፕሮኬይን ነበር፤ እሱ ደግሞ ሲቀመጥ እየኮመጠጠ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) እስከ 1 ሊወርድ ይችላል። እንዲህ ያለ አሲድ ብቻውን ሥጋ ይገድላል፤ ወቀሳው ግን አብሮት በነበረው አድሬናሊን ላይ ወደቀ። ዛሬ በ1 ለ100,000 መጠን (1 ግራም በ100,000 ሚሊ ሊትር) መዳፍና ጣት ላይ አድሬናሊን መውጋት የተለመደ ነው፤ ውጤቱን የሚቀለብስ ፌንቶላሚን የሚባል መድኃኒትም አለ።

ለማን አይሆንም?

የጣት ደም ዝውውሩ አስቀድሞ የተጎዳ ሰው፣ ማለትም ከባድ ሬይኖድ፣ ስክሌሮደርማ፣ የበርገር በሽታ ወይም ተቆርጦ የተተከለ ጣት ያለው ሰው፣ አድሬናሊን ያለበት ቅልቅል አይወጋ። ያልተረጋጋ የልብ ሕመም ወይም ቁጥጥር ያጣ የደም ግፊት ካለ መጠኑን ወደ 1 ለ200,000 ማውረድ ወይም ጨርሶ መተው ይሻላል። ፕሮፕራኖሎልን የመሳሰሉ መራጭ ያልሆኑ ቤታ ብሎከሮች (የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶች) ከአድሬናሊን ጋር ሲገናኙ ግፊት ከፍ፣ የልብ ምት ዝቅ ሊያደርጉ ስለሚችሉ ምን እንደሚወስድ ሳይጠየቅ መርፌ አይነሳ። የቆዩት የድብርት መድኃኒቶችም እንዲሁ የአድሬናሊንን ኃይል ይጨምራሉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ግን ለዚህ ቀዶ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ አይቋረጥም።

መርፌ ሲያይ የሚደነግጥ ሰው ከዝርዝሩ አይሰረዝም፤ ተኝቶ፣ ተነግሮትና ሳይቸኮል ከተወጋ ከሌላው ሰው አይለይም። ከልቡ ንቁ ሆኖ መሠራት የማይፈልገውን ግን ማስገደድ አይገባም።

ሁለት ነርቭ መደንዘዝ አለበት

ካርፓል ታነል የሚዲያን ነርቭ በሽታ ስለሆነ ጀማሪ ሁሉ የሚያደነዝዘው ሚዲያንን ብቻ ነው። ምላጭ የሚያርፍበት ቆዳ ግን የሁለት ነርቮች ድንበር ነው። በአውራ ጣት በኩል ያለው ክፍል ስሜቱን የሚያገኘው ከሚዲያን የመዳፍ ቆዳ ቅርንጫፍ ነው፤ ይህ ቅርንጫፍ ከእጅ አንጓ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ከዋናው ነርቭ ተለይቶ ከሊጋመንቱ በላይ ያልፋል። በትንሿ ጣት በኩል ያለው ክፍል ደግሞ የአልናር ነርቭ ቅርንጫፎች ድርሻ ነው። ስለዚህ ሚዲያን ፍጹም ቢደነዝዝም ታካሚው በቀዶው መስመር ትንሿ ጣት በኩል ሊጮህ ይችላል። መፍትሔው መድኃኒቱን በሁለቱ ነርቮች መካከል ማኖርና ከዚያ መዳፉን በቀዶው መስመር ልክ መሙላት ነው።

የመግቢያውን ነጥብ ለማግኘት ታካሚው አውራ ጣቱን ከትንሿ ጣቱ ጋር አጋጥሞ አንጓውን ትንሽ ያጥፍ። መሃል ላይ ብቅ የሚለው ገመድ የፓልማሪስ ሎንገስ ጅማት ነው፤ ሚዲያን ነርቭ ከሥሩ፣ ትንሽ ወደ አውራ ጣት ጠጋ ብሎ ይተኛል። ከአንጓው መታጠፊያ መስመር 5 ሚሊ ሜትር ወደ ክንድ፣ ከነርቩ ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ትንሿ ጣት ተብሎ ነጥቡ ይለካል፤ በተግባር ከጅማቱ የትንሿ ጣት ጎን ላይ ያርፋል። ከመቶ ሰው 15 ያህሉ ፓልማሪስ ሎንገስ የለውም። ያኔ በአውራ ጣት በኩል የሚገኘውን ወፍራም ጅማት፣ ፍሌክሰር ካርፒ ራዲያሊስን፣ ፈልጎ ነርቩ ከእሱ ቀጥሎ ወደ መሃል እንዳለ ማሰብ ነው። ወደ ትንሿ ጣት ግን አይበዛም፤ እዚያ የአልናር ደም ቅዳ ቧንቧ አለ።

ቅልቅሉ

ለአንድ እጅ የሚበቃው 20 ሚሊ ሊትር 1% ሊዶኬይን ከ1 ለ100,000 አድሬናሊን ጋር ነው፤ በላዩ 2 ሚሊ ሊትር 8.4% ሶዲየም ባይካርቦኔት ይጨመራል። ባይካርቦኔቱ ቅንጦት አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ ከአድሬናሊን ጋር የተቀላቀለ ሊዶኬይን ፒኤቹ 4 አካባቢ ነው፤ የሚያቃጥለውም ለዚህ ነው። በ10 ለ1 ሲቀላቀል ፒኤቹ ወደ ሰውነት ፒኤች ይጠጋል፤ ማቃጠሉ ይቀንሳል፣ ማደንዘዙም ይፈጥናል። እጅ ላይ ያለው ባይካርቦኔት 4.2% ከሆነ መጠኑ በእጥፍ ይወሰዳል። ቅልቅሉ ከደፈረሰ ወይም ፍሬ ከያዘ ይደፋ። ቡፒቫኬይን በዚህ መጠን ሲቀላቀል ስለሚደፈርስ ባይካርቦኔት አይጨመርበት።

አስቀድሞ የተቀላቀለ ካልተገኘ በእጅ ይቀላቀላል። 20 ሚሊ ሊትር አድሬናሊን የሌለበት 1% ሊዶኬይን ላይ፣ 1 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር ከሆነው የአድሬናሊን አምፑል 0.2 ሚሊ ሊትር ብቻ ይጨመራል። ያለው 2% ሊዶኬይን ከሆነ 10 ሚሊ ሊትሩ በ10 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (0.9% የጨው ውሃ) ይቀጠናል፤ ከዚያ ያው 0.2 ሚሊ ሊትር አድሬናሊን። አድሬናሊን ያለበት 2% ከሆነም በእኩል ሳላይን ማቅጠን ይቻላል፤ አድሬናሊኑ ወደ 1 ለ200,000 ቢወርድም ይሠራል፤ ሌላ መጨመር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ቆም ይባል። 0.2 እና 2 በጥድፊያ ሲነበቡ ይመሳሰላሉ፤ 2 ሚሊ ሊትር የጨመረ ሰው አሥር እጥፍ፣ ማለትም 2 ሚሊ ግራም አድሬናሊን በአንድ መዳፍ አዘጋጅቷል። አድሬናሊኑ በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ፈጽሞ አይለካም። በ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይለካ፤ የኢንሱሊን ሲሪንጅ ከሆነ ባለ 100 ዩኒቱ ላይ 20 ዩኒት ማለት 0.2 ሚሊ ሊትር ነው። ሁለተኛ ሰው ቆጥሮ ያረጋግጥ። ሲሪንጁ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ጥንካሬውና ሰዓቱ ይጻፍ። ባይካርቦኔት ከገባ በኋላ አድሬናሊን ስለሚዳከም ጠዋት ቀላቅሎ ከሰዓት መውጋት አይሠራም፤ በየታካሚው ትኩስ ይዘጋጅ።

የመጠን ጣሪያው ከአድሬናሊን ጋር ለአንድ ኪሎ ክብደት 7 ሚሊ ግራም ሊዶኬይን፣ ያለ አድሬናሊን ደግሞ 4.5 ሚሊ ግራም ነው። 20 ሚሊ ሊትር 1% ማለት 200 ሚሊ ግራም ስለሆነ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ420ው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሒሳቡ የሚያጣብበው ሁለት እጅ በአንድ ቀን ሲሠራ ነው፤ 400 ሚሊ ግራም ለ50 ኪሎ ሰው ከ350 ጣሪያው ያልፋል። ያኔ ቅልቅሉን ወደ 0.5% ማቅጠን ወይም ሁለተኛውን እጅ ለሌላ ቀን ማሳደር ነው። 2% ሊዶኬይን ሳያቀጥኑ 20 ሚሊ ሊትር መውጋትም በአንድ እጅ ብቻ 400 ሚሊ ግራም ያስገባል። ብዙው የመጠን ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ለመደንዘዙ የሚጠቅመው የፈሳሹ ብዛት እንጂ የመድኃኒቱ ጥንካሬ አይደለም።

ከመርፌው በፊት

ሁለት ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጆች፣ ባለ 27 ጌጅ ረጅም መርፌ፣ ለመቅጃ የተለየ ወፍራም መርፌ። የተቀዳበት መርፌ የቫያሉን ጎማ ሲወጋ ስለሚደንዝ በሰው ላይ አይውልም። 27 ጌጅ የሚመረጠው ቀጭን ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱን በፍጥነት ለመግፋት ስለማይመች ሐኪሙን ሳይወድ በግዱ ያረጋጋዋል። ሲሪንጆቹን በእጅ ይዞ ወይም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቆይቶ የሰውነት ሙቀት ማስያዝ ንክሻውን ይቀንሳል።

በክፍሉ ውስጥ ኦክስጅን፣ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ ከረጢት)፣ ሚዳዞላም ወይም ዳያዜፓም፣ 20% የስብ ኢመልሽንና ፌንቶላሚን ያሉበት ቦታ ይታወቅ። ብዙ ጊዜ ተቀምጠው ያረጃሉ፤ በሚያስፈልጉበት ቀን ግን መፈለጊያ ጊዜ የለም።

የጣቶቹን ስሜት፣ የአውራ ጣትን የማንሳት ጉልበትና የጣት ጫፍ ደም አመላለስ መርምሮ መጻፍ ቀድሞ ካልተሠራ በኋላ አይሠራም፤ ነርቩ ከደነዘዘ ድክመቱ የበሽታው ይሁን የመድኃኒቱ ማንም አይለየውም። የቀዶው መስመር ቆዳው ሳያብጥ ምልክት ይደረግበት። ትክክለኛው እጅ ይረጋገጥ፤ ፈቃድ ይፈረም።

ታካሚው ተኝቶ ይወጋ፤ ወንበር ላይ አይቀመጥ። ራስን መሳት በዚህ ሥራ የተለመደ ነው፤ ተቀምጦ የሚስት ሰው ይወድቃል። አድሬናሊኑ ገብቶ ልብ ሊደልቅና እጅ ሊንቀጠቀጥ እንደሚችል፣ ያም በ20 ወይም 30 ደቂቃ ውስጥ እንደሚያልፍ አስቀድሞ ይነገረው። ሳይነገረው የመጣበት ሰው ልቡ ያቆመ ይመስለዋል።

አወጋጉ፣ ደረጃ በደረጃ

1. አንጓው ከሥሩ በተጠቀለለ ጨርቅ ትንሽ ወደ ኋላ ይተኛ፤ ቆዳው በአልኮል ወይም በአዮዲን ይጸዳና ይድረቅ። ያልደረቀ አልኮል በመርፌው ቀዳዳ ገብቶ ራሱ ያቃጥላል።

2. ሲሪንጁ በሁለት እጅ ይያዝ፤ የሁለቱም እጆች ትንንሽ ጣቶች የታካሚው ክንድ ላይ ይደገፉ፤ አውራ ጣት ከመጀመሪያው መግፊያው ላይ ትሁን። መርፌው ከገባ በኋላ አያያዝ መቀየር ጫፉን ያነቃንቀዋል፤ የሚያምመውም ያ መነቃነቅ ነው።

3. "አሁን ትንሽ ንክሻ አለ፤ ሲጠፋ ይንገሩኝ" ብሎ አጠገቡ ያለውን ቆዳ ቆንጠጥ ማድረግ፤ መርፌውን በ90 ዲግሪ ማስገባት። ቀጥ ብሎ የገባ መርፌ ከተንጋደደው ያነሰ ነርቭ ይነካል።

4. ጫፉ ከቆዳው ሥር ስቡ ላይ ሲደርስ 0.5 ሚሊ ሊትር ብቻ መግፋትና ማቆም። ቆዳው ውስጥ መውጋትና እንደ ብርቱካን ልጣጭ ማሳበጥ በጣም ያምማል። ከ15 እስከ 45 ሰከንድ መጠበቅ። ታካሚው "ጠፋ" ሲል መቀጠል፤ ካላለ አለመቀጠል።

5. መርፌው ሳይንቀሳቀስ 2 ሚሊ ሊትር በዝግታ። ከዚያ መልሶ በመሳብ ደም አለመኖሩን አይቶ፣ የክንዱን ስስ ሽፋን በጥቂቱ አልፎ የቀረውን ከሽፋኑ በላይና በታች ማዳረስ፤ በዚህ ነጥብ በድምሩ 10 ሚሊ ሊትር። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይውሰድ።

6. ሲሪንጁን አስቀምጦ ጥቂት ደቂቃ መተው፤ በዚህ መሃል ሁለተኛው ታካሚ ሊዘጋጅ ይችላል።

7. በሁለተኛው ሲሪንጅ፣ በደነዘዘው ቆዳ በኩል መርፌውን ወደ መዳፉ አዙሮ፣ ከቆዳው ሥርና ከሊጋመንቱ በላይ፣ በቀዶው መስመር ላይ 10 ሚሊ ሊትር መሙላት። እዚህ ላይ ደንቡ አንድ ነው፦ ዕብጠቱ ከመርፌው ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ቀድሞ ይሂድ። መርፌ ያልደነዘዘ ሥጋ ውስጥ አይገባም። መርፌው አልደርስ ካለ አውጥቶ፣ ከገረጣው አካባቢ ዳር 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ እንደገና መውጋት።

8. የመጨረሻው ጠብታ የገባበት ሰዓት ይጻፍ።

ስለ አምስተኛው ደረጃ ትንሽ እንጨምር፤ አደጋ ካለ የሚኖረው እዚህ ነው። ታካሚው "አውራ ጣቴን ኤሌክትሪክ ያዘኝ" ካለ ጫፉ ሚዲያንን ነክቷል፤ ምንም ሳይገፋ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ መሳብና ወደ ትንሿ ጣት በኩል ማዞር ነው። ቀድሞ ይህን ስሜት ፈልገው ይወጉ የነበሩ አሉ፤ ዛሬ የሚመክረው የለም፤ 10 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ነርቩን ሳይነኩትም በራሱ ይደርስበታል። መግፊያው እምቢ ካለ አይታገሉት። ጫፉ ጅማት ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ሲሪንጁን ለቀቅ አድርጎ ታካሚው ጣቶቹን እንዲያንቀሳቅስ መጠየቅ ነው፤ ሲሪንጁ አብሮ ከተወዛወዘ ጅማት ላይ ተሰክቷል። ቦዩ ውስጥ መውጋትም አያስፈልግም፤ ነርቩ የታመመው ቦታው ስለጠበበው ነው፤ በዚያ ላይ ፈሳሽ መጨመር ግፊቱን ያባብሰዋል።

መዳፉ ሲሞላ ደግሞ የሚታይ ነገር አለ። ቆዳው ከፍ ብሎ ይጠነክራል፣ ዳሩ ተለይቶ ይገረጣል። የመዳፍ ቆዳ ከሥሩ ጋር በክሮች ስለተሰፋ መድኃኒቱ እንደ ክንድ ቆዳ አይንሸራሸርም፤ ስለዚህ ግፊቱ ያስቸግራል፣ ጊዜም ይወስዳል። ዕብጠቱ ምልክት ከተደረገበት መስመር በሁለቱም ጎን 1 ሴንቲ ሜትር፣ በጣቶቹ በኩል ደግሞ ከመስመሩ ጫፍ አለፍ ማለት አለበት።

ታካሚው ከመጀመሪያዋ ውጊያ በኋላ ሲያምመው "አንድ፣ ሁለት" እያለ እንዲቆጥር ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው። ሐኪሙ እጁ እየተሻሻለ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚነግረው የለም።

መጠበቅ

ቆዳው በደቂቃዎች ውስጥ ይደነዝዛል፤ ይህም ያታልላል። አድሬናሊኑ የደም ሥሮቹን ሙሉ በሙሉ እስኪያጠብ 25 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ለረጅም ዘመን "7 ደቂቃ ይበቃል" ሲባል ኖሮ፣ በቆዳ ውስጥ ያለው የደም መጠን ሲለካ ቁጥሩ 26 ደቂቃ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። በ10ኛው ደቂቃ ምላጭ ያነሳ ሐኪም በደም የተሸፈነ ነርቭ ሲፈልግ ራሱን ያገኘዋል፤ ከዚያም "ያለ ቱርኒኬት አይሠራም" ብሎ ይደመድማል።

ግማሽ ሰዓት ባዶ መቀመጥ ግን ለማንም አይመችም። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የዕለቱ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ታካሚዎች በተከታታይ ይወጋሉ፤ ሦስተኛው ሲያልቅ የመጀመሪያው ደርሷል። ከዚያ በኋላ አንዱ ተሠርቶ በወጣ ቁጥር ገና ካልተወጉት ቀጣዩ ይወጋል። እየጠበቁ ያሉት ተኝተው፣ የሚያያቸው ሰው ባለበት ይቆዩ።

ከመጀመር በፊት ባለ ጥርስ መቆንጠጫ ይዞ የመስመሩን ሁለት ጎኖችና በጣቶች በኩል ያለውን ጫፍ መቆንጠጥ። "ነካኸኝ፣ ግን አላመመኝም" ጥሩ መልስ ነው፤ መነካትና መገፋት አይጠፋም። ይህን ለታካሚው ደግሞ መንገር ይገባል፤ አለበለዚያ ሊጋመንቱ ሲቆረጥ የሚሰማውን መሳብ ሕመም ብሎ ይተረጉመዋል።

ሲያስቸግር

ሕመም የመጣው በጣቶች በኩል ባለው ጫፍ ከሆነ መዳፉ እስከ ዳር አልተሞላም። በትንሿ ጣት በኩል ከሆነ የአልናር ድርሻ ተረስቷል። ለሁለቱም ከተቀመጠው ቅልቅል 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር በተከፈተው ቁስል በኩል መጨመር ይበቃል፤ ለዚህ ሲባል ተጨማሪ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ ሆኖ ይቀመጥ። ቦዩ ሲከፈት የሚያም ከሆነ ነርቩን እያዩ በዙሪያው ማፍሰስ እንጂ ወደ ነርቩ መውጋት የለም።

ደም ከበዛ መጀመሪያ ሰዓቱን ማየት። 30 ደቂቃ ካልሞላ ተጭኖ አምስት ደቂቃ መጠበቅ። ትንሽ ደም ግን ሁሌም አለ፤ ባይፖላር (ደም ሥርን በኤሌክትሪክ የሚተኩስ መቆንጠጫ) ይበቃዋል። ቱርኒኬቱ ሳይነፋ ክንዱ ላይ መጠባበቂያ ሆኖ ቢታሰር ለጀማሪ መንፈሱን ያረጋጋል። ሥጋው በፈሳሹ ረጥቦ ውሃ ቢመስልም አያስደንግጥ፤ በጎዝ ይጠረጋል። ነርቩም በአድሬናሊኑ ምክንያት ከለመድነው ገርጥቶ ይታያል።

ታካሚው ሲጨነቅ ሦስት ነገር አንድ ይመስላል። ምቱ ዘግይቶ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ላብ ካጠመቀው ራስን መሳት ነው፤ እግሩን ከፍ ማድረግ። ምቱ ፈጥኖ እጁ ከተንቀጠቀጠና አእምሮው ንጹሕ ከሆነ አድሬናሊን ነው፤ ማረጋጋትና መጠበቅ። ከንፈሩና ምላሱ ከደነዘዘ፣ አፉ ብረት ብረት ካለው፣ ጆሮው ከጮኸ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ ግን የሊዶኬይን መመረዝ ነው፤ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መዛባት ሊከተል ይችላል። በእርግጥ በተሰላ መጠን እጅግ ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን የሚመጣው ደም ሥር ውስጥ በመውጋት ወይም በቅልቅል ስህተት ነው።

ያኔ መውጋት ይቆማል፣ ሰው ይጠራል፣ አየር መተንፈሻው ይጠበቃል፣ ኦክስጅን ይሰጣል። ለመንቀጥቀጡ ሚዳዞላም ወይም ዳያዜፓም። 20% የስብ ኢመልሽን በደም ሥር፦ 70 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በታች ለሆነ በኪሎ 1.5 ሚሊ ሊትር፣ በ2 ወይም 3 ደቂቃ ውስጥ፤ ከዚያ በኪሎ 0.25 ሚሊ ሊትር በየደቂቃው። በድምሩ በኪሎ 12 ሚሊ ሊትር አይለፍ። ልብ ካቆመ ለማንቃት የሚሰጠው አድሬናሊን ከወትሮው ያነሰ፣ በኪሎ ከ1 ማይክሮ ግራም የማይበልጥ ይሁን።

አድሬናሊን ጨርሶ የማይሰጠው ታካሚ ከሆነ ያለ አድሬናሊኑ ሊዶኬይን በቱርኒኬት ይሠራል። መጠኑ በ4.5 ሚሊ ግራም ተሰልቶ ይቀነስ፤ መጠበቁ ወደ 10 ደቂቃ ያጥራል፤ ቱርኒኬቱ ግን ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ፣ ምላጩ እጅ ላይ ሆኖ ብቻ ይነፋ። ንቁ ሰው ከ20 ደቂቃ በላይ ሲታገሠው ማየት ብዙ አይለመድም።

ካለቀ በኋላ

ድንዛዜው ብዙ ጊዜ 5 ሰዓት ያህል ይቆያል። የመጀመሪያው ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን መወሰድ ያለበት ሕመሙ ሳይመጣ፣ ድንዛዜው መልቀቅ ሲጀምር ነው። ፋሻው ጣቶቹን አይያዝ፤ እጁ ከልብ ከፍ ብሎ ይቆይ፤ ጣቶቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀስ ብለው ይታጠፉ ይዘርጉ። ስሜቱ እስኪመለስ በዚያ እጅ ትኩስ ነገር አይያዝ፣ መኪናም አይነዳ፤ በደነዘዘ ጣት የተቃጠለ ሰው የሚያውቀው ሽታውን ሲሰማ ነው።

ታካሚው ከመሄዱ በፊት የጣቶቹ ጫፍ ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ መመለሱ ይታይ። መዳፉ ገና ነጭ ቢሆንም የጣት ጫፎቹ ከቀሉ ይሂድ። ጣት ነጭ ሆኖ ከቆየ አብዛኛውን ጊዜ መጠበቅ ይበቃል፤ ደም አልመለስ ካለ 1 ሚሊ ግራም ፌንቶላሚን በ1 ሚሊ ሊትር ሳላይን አድርጎ አድሬናሊኑ የተወጋበት፣ የገረጣው ቦታ ላይ ከቆዳው ሥር መውጋት ነው። ቤት ከሄደ በኋላ ጣቱ ነጭ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ፣ ሕመሙ በመድኃኒት አልታገሥ ካለ፣ ወይም በማግሥቱ ጠዋት ድንዛዜው ቀዶው ከመሠራቱ በፊት ከነበረው ብሶ ከተገኘ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ይመለስ።